የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ከየትኛው ንግድ ይመነጫል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በማናቸውም ማዘጋጃ ቤት የሒሳብ ክፍል በዓመቱ መጨረሻ በጕልህ የሚጻፍ አንድ ቍጥር አለ፤ ይኸውም የገቢው ጠቅላላ ድምር ነው። ሹሞቹ ይህን ድምር ከአምናው ጋር ያስተያያሉ፤ ከፍ ብሎ ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ ዝቅ ብሎ ሲያገኙት ወጪ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ነገር ግን ድምሩ ገንዘቡ ምን ያህል እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። የመንገድ ጠራጊው፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኛው፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሓፊ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከዚያ ድምር ስለ ሆነ፣ ድምሩ በስንት ምሰሶ ላይ እንደ ቆመ ማወቅ የሒሳብ ሹሙ ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ጕዳይ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው አንድ ከተማ ከሽያጭ ታክስ የሚያገኘውን ገቢ በየንግዱ ዓይነት ከፋፍሎ እንዴት እንደሚከታተል፣ ይህንንም ሳያደርግ ቢቀር ምን እንደሚደርስበት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ግዛት ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ ግዛት ከእያንዳንዱ የችርቻሮ ሽያጭ ላይ የተወሰነ ድርሻ ሽያጩ ለተፈጸመበት ከተማ ስለሚደርስና፣ ሒሳቡም በየሩብ ዓመቱ በንግድ ዓይነት ተለይቶ ለሕዝብ ስለሚወጣ ነው። የሽያጭ ታክስ የሚለው ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን በዚህ ስም ይጠራ የነበረው ታክስ በአዋጅ ቍጥር 285/1994 መሠረት በ1995 ዓ.ም. በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተክቷል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በየደረጃው የሚከፈል ሲሆን፣ የካሊፎርኒያው ታክስ ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዕቃው ለመጨረሻው ተጠቃሚ በሚሸጥበት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ካሊፎርኒያ ይህን ታክስ የጀመረው በ1933፣ ዓለምን ባስጨነቀው በታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው፤ ልኩም ከመቶ ሁለት ተኩል ነበር። ያን ጊዜ ገንዘቡ የግዛቱ መንግሥት ነበር። ከጊዜ በኋላ ከተሞቹ በየራሳቸው ደንብ ተጨማሪ ታክስ መጣል ስለ ጀመሩ፣ ልኩና ደንቡ ከከተማ ወደ ከተማ የተለያየ ሆነና ነጋዴውም ገዢውም ተቸገሩ። በ1955 ብራድሌይ-በርንስ ተብሎ የሚጠራው ሕግ ወጣና ለከተሞች አንድ ወጥ ልክ ወሰነ፤ መሰብሰቡንም ለግዛቱ መንግሥት ሰጠ። ይኸው ሕግ እስከ ዛሬ የሥራው መሠረት ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከ2017 ጀምሮ በግዛቱ ሁሉ የሚሠራው መነሻ ልክ ከመቶ 7.25 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መቶ ዶላር የሚያወጣ ወንበር ቢገዛ ለሻጩ 107 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይከፍላል። ከትርፉ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ውስጥ 6 ዶላሩ የግዛቱ መንግሥት ለራሱና ለልዩ ልዩ ሕዝባዊ አገልግሎቶች የሚመድበው ነው፤ 25 ሳንቲሙ ካውንቲ በሚባለው አውራጃ ለመጓጓዣ ይውላል፤ የቀረው 1 ዶላር ወንበሩ ወደ ተሸጠበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይገባል። ብዙ ከተሞች ሕዝባቸውን በድምፅ አስወስነው በዚህ ላይ ጥቂት ይጨምራሉ፤ ነገራችን እንዳይወሳሰብ ግን በዚያች በአንዷ ዶላር ላይ ብቻ እንቈይ።

ሻጩ ንግድ ከመጀመሩ በፊት የሻጭነት ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱን የሚሰጠውና ታክሱን የሚሰበስበው የካሊፎርኒያ የታክስና የክፍያ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህ መሥሪያ ቤት በ2017 ተቋቁሞ ሥራውን ከቀድሞው ቦርድ ተረክቧል። አብዛኞቹ ታላላቅ ነጋዴዎች ሦስቱ ወር ባለቀ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ የሽያጫቸውን ሒሳብ ያቀርባሉ። ፈቃዱ ሲወጣ ነጋዴው ምን እንደሚሸጥ ስለሚጠየቅ፣ ለሥራው ዓይነት የመለያ ቍጥር ይሰጠዋል። በኋላ ሠንጠረዡ የሚዘጋጀው በዚህ መለያ ቍጥር ነው። መኪናና የመኪና ዕቃ ሻጮች፣ የቤት ዕቃ ሻጮች፣ የሕንፃ መሣሪያ ሻጮች፣ የምግብ መደብሮች፣ የቤንዚን ማደያዎች፣ የልብስ ሱቆች፣ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሸጡ ታላላቅ መደብሮች፣ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች እያለ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም ሱቅ ሳይኖራቸው ለሌሎች ድርጅቶች የሚሸጡ ፋብሪካዎችና ጅምላ ነጋዴዎች ራሱን በቻለ ተራ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። መለያ ቍጥሩ የሚሰጠው ለነጋዴው እንጂ ለዕቃው አይደለም። ልብስም፣ ቴሌቪዥንም፣ የመኪና ጎማም በአንድ ጣራ ሥር የሚሸጥ መደብር ሽያጩ ሁሉ በአንድ ተራ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ታላቅ መደብር ወደ ከተማው ሲገባ የልብስ ሱቆች ተራ ዝቅ ቢል፣ የከተማው ሰው ልብስ መግዛት ተወ ማለት አይደለም፤ የሚገዛበትን በር ለወጠ እንጂ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ደግሞ ታክስ የማይከፈልበትን ነገር ማወቅ ነው። ታክሱ የሚከፈለው በሚጨበጥ ዕቃ ላይ ነው። ቤት ወስደው የሚያበስሉት እህልና አትክልት፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ታክስ የለበትም። አገልግሎትም በጠቅላላው ነጻ ነው፤ ጠጕር አስተካካዩ፣ ጠበቃው፣ ሐኪሙ በሥራቸው ዋጋ ላይ የሽያጭ ታክስ አያስከፍሉም። ስለዚህ በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ያሉት ሆስፒታል ለከተማው የሽያጭ ታክስ የሚያስገባው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ከአስፋልት ዳር የተዘረጋ፣ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሉት የመኪና መሸጫ ግን አንድ የ40,000 ዶላር መኪና በሸጠ ቍጥር ለከተማው 400 ዶላር ያስገባል። በምግብ ቤት የሚበላ የ20 ዶላር ትኩስ ምሳ የሚያስገባው 20 ሳንቲም ነው፤ የአንዱን መኪና ያህል ለማግኘት 2,000 ምሳ መሸጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ሠንጠረዥ የከተማውን ሀብት ወይም የሥራ ብዛት የሚያሳይ ሚዛን አይደለም። የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ የሚገባበትን በር።

ይህን በግልጥ ለማየት ኮልማ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንመልከት። ኮልማ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ ያለች ስትሆን፣ ታሪኳ ከሌሎች ከተሞች ሁሉ የተለየ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ መሬት ስለ ጠበባት በ1900 በከተማው ክልል ውስጥ ሬሳ መቅበርን ከለከለች፤ ከዚያም በፊት የተቀበሩት እንዲነሡ አዘዘች። የመቃብር ቦታ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችና የሃይማኖት ማኅበሮች መሬት የገዙት በኮልማ ነበር። ቦታው በ1924 ከተማ ሆኖ የተቋቋመውም መቃብሮቹን ለመጠበቅ ነው። በ2020 በተደረገው ቈጠራ የኮልማ ነዋሪዎች 1,500 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በመሬቷ ያረፉት ሙታን ግን ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ሙታን ዕቃ አይገዙም። የ1,500 ነዋሪዎችም ግዢ አንድ ማዘጋጃ ቤት ከነፖሊሱ ሊያስተዳድር አይችልም። ሆኖም ኮልማ ፖሊስ አላት፤ መንገዷም የተጠረገ ነው። ምሥጢሩን የሚገልጠው የንግድ ዓይነት ሠንጠረዡ ነው። በሴራሞንቴ ጐዳና ግራና ቀኝ መኪና ሻጮች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን ደግሞ በ1986 የተከፈተው፣ ታላላቅ መደብሮችን ባንድ ሜዳ ላይ በመሰብሰብ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የገበያ ሥፍራ አለ። የሳን ፍራንሲስኮና የዙሪያው ሰው መኪና ለመግዛት ወደ ኮልማ ይመጣል፤ ከዋጋው መቶ አንድ እጅ ታክስ ለኮልማ ትቶ መኪናውን እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኮልማ ነዋሪ ታክስ ከፋይ የሆነችው በስም ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ከተማዋን በእርግጥ የሚያኖራት ጎረቤቷ ነው።

ከኮልማ በጣም ርቆ፣ በሎስ አንጀለስ አውራጃ፣ ሴሪቶስ የሚባል ከተማ አለ። ይህ ከተማ በ1956 ሲቋቋም ስሙ ዴይሪ ቫሊ፣ ትርጕሙም የወተት ሸለቆ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከሰዉ ይልቅ ላሞቹ ይበዙ ነበር። ከተማነቱንም የፈለጉት ላም አርቢዎቹ ናቸው፤ ሎስ አንጀለስ እየሰፋ መጥቶ ግጦሻቸውን እንዳይውጠው ነው። የመሬት ዋጋ ግን ከወተት ዋጋ ይልቅ ፈጥኖ ስለ ወጣ አርቢዎቹ ራሳቸው ሸጡ፤ በ1967 ስሙ ሴሪቶስ ተባለ፤ በ1971 ታላቅ የገበያ አዳራሽ ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም ከአውራ ጐዳናው ዳር ለመኪና ሻጮች ብቻ የተከለለ ሰፊ ሥፍራ ተዘጋጀ። ሻጮቹ እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩ ሲሆኑ ባንድ ላይ መሰብሰባቸው የሚጎዳቸው ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ገዢው በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት መኪና አይቶ ለመምረጥ ስለሚመቸው ከሩቅ ይመጣል። የሴሪቶስ ነዋሪዎች 50,000 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በዚያ ሥፍራ የሚሸጡት መኪናዎች ከነዋሪው ፍላጎት እጅግ የበለጡ ናቸው።

ከተሞቹ ይህን ያህል ወደ መኪና ሻጮች ለምን አዘነበሉ? ዋናው ምክንያት በ1978 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 የተባለው ድንጋጌ ነው። በዚህ ድንጋጌ የቤትና የመሬት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ግምቱም ንብረቱ ባለቤት እስኪለውጥ ድረስ በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ ከፍ እንዳይል ተደረገ። ያችኑ ግብር አውራጃው፣ ትምህርት ቤቶቹና ከተማው ይካፈሏታል። ስለዚህ አንድ ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ ሲገባ ለከተማው የሚያመጣው ገንዘብ ጥቂት፣ የሚፈልገው አገልግሎት ግን ብዙ ሆነ፤ ፖሊስ፣ መብራት፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ መናፈሻ ይሻል። የመኪና መሸጫ ሜዳ ግን ሌሊት የሚተኛበት ሰው ሳይኖር በየሩብ ዓመቱ ገንዘብ ያስገባል።

በዚህ ምክንያት ባዶ መሬት ያለው ከተማ ቤት ከማሠራት ይልቅ መደብር መጥራትን መረጠ። ከተሞቹም ሻጮችን ለመንጠቅ እርስ በርሳቸው መወዳደር ጀመሩ፤ አንዱ ለሻጩ መሬት በርካሽ ሲሰጥ፣ ሌላው ከሚያስገባው ታክስ ከፊሉን ሲመልስለት ቈየ። በአንድ ገበያ ክልል ውስጥ መኪና ሻጭ ከከተማ ወደ ጎረቤት ከተማ ቢሄድ የሚሸጠው መኪና አይጨምርም፤ የሚለወጠው ገንዘቡ የሚገባበት ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በ1999 የወጣ ሕግ እንዲህ ላለው ዝውውር ከተሞች የገንዘብ እርዳታ እንዳይሰጡ ከለከለ። በእኛ አስተያየት ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የቤት እጥረቱ በዚያ ግዛት ሥር ከሰደደ በኋላ መሆኑን ማንም አይክደውም።

አሁን ደግሞ ወደ አነባበቡ እንሂድ። አንድ የሒሳብ ሹም የሩብ ዓመቱ ሠንጠረዥ ሲደርሰው በመጀመሪያ የሚያስተያየው ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት ጋር ነው። የገና በዓል ያለበት ሩብ ዓመት ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ ከእርሱ የሚቀጥለው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን ማስተያየት ክረምትን ከበጋ ጋር አስተያይቶ ዝናብ ጠፋ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ሥራ የዘገየ ክፍያን መለየት ነው። አንድ ታላቅ ነጋዴ ሒሳቡን ሳያቀርብ ቀርቶ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሁለቱን ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ንግዱ የሞተ፣ በሁለተኛው ደግሞ እጥፍ የሆነ ይመስላል። ይህ ሳይታረም ሠንጠረዡ ለምክር ቤት ቢቀርብ፣ የተሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚታየው እያንዳንዱ ተራ ነው። እንበልና የአንድ ከተማ ጠቅላላ የሽያጭ ታክስ ከ10 ሚሊዮን ዶላር ወደ 10 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ከፍ አለ። ጥሩ ዜና ነው ተብሎ ይጻፋል። ከፋፍለን ስናየው ግን የመኪና ሻጮች ተራ ከ3 ሚሊዮን ወደ 3 ሚሊዮን ከ700 ሺህ አድጎ፣ የቀሩት ንግዶች በጠቅላላው ከ7 ሚሊዮን ወደ 6 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ወርደዋል። ያ ከተማ አላደገም፤ ከሰባት ሱቆቹ ስድስቱ እየከሱ አንዱ ሰብቷል ቢባል ይሻላል። በዚህ ድምር ተማምኖ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የቀጠረ ከንቲባ፣ የመኪና ገበያ የቀዘቀዘ ዕለት የቀጠረውን ሠራተኛ ያሰናብታል።

የመኪና ገበያ ደግሞ ሲቀዘቅዝ በጥቂት አይደለም። በ2007 በአሜሪካ የተሸጡት አዲስ መኪናዎች 16 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2009 ግን ወደ 10 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ወረዱ። ምግብና ልብስ ሰው በችግር ጊዜ ቢቀንስ እንጂ ፈጽሞ አይተወውም፤ መኪና ግን አሮጌውን እየጠገነ ሁለት ሦስት ዓመት ሊያቈይ ይችላል። በዚያው በ2009 ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር በኪሳራ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ብዙ የሽያጭ ወኪሎቻቸው ተዘጉ። ገቢያቸው በመኪና ሻጮች ላይ የቆመ ከተሞች ያን ጊዜ የደረሰባቸው ከሌሎቹ የከፋ ነበር።

የቤንዚን ማደያዎች ተራ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የከተማው ድርሻ የሚሰላው በዋጋ እንጂ በመጠን ስላልሆነ፣ አንድ ጋሎን በ3 ዶላር ሲሸጥ 3 ሳንቲም፣ በ5 ዶላር ሲሸጥ 5 ሳንቲም ይገኛል። በ2022 አጋማሽ በካሊፎርኒያ የአንድ ጋሎን አማካይ ዋጋ ከ6 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ ይህ ተራ ከፍ አለ፤ ነገር ግን ሰው ብዙ ነዳ ማለት አይደለም። እንዲያውም ለቤንዚን ያወጣውን ገንዘብ ከሌላ ግዢ ስለሚቀንሰው፣ የማደያው ተራ ሲያብጥ የሌሎቹን ተራ ተጠግቶ መመልከት ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና እየበዛ ሲሄድም ይህ ተራ እየሳሳ እንደሚሄድ ማንም ያስተውለዋል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሠንጠረዡ ጥሩ ትምህርት ሰጠ። ምግብ ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው ከቤቱ ስለማይወጣ ማደያዎች ባዶ ሆኑ፤ የምግብ ቤት ጐዳና ያላቸውና በእንግዳ የሚኖሩ ከተሞች ገቢያቸው ወደቀ። በአንጻሩ በቤቱ የተቀመጠ ሰው ጣራውን ማደስ፣ አትክልት ቦታውን ማጠር ስለ ጀመረ የሕንፃ መሣሪያ ሻጮች ገበያ ደራ። በ2021 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ስላነሰ ፋብሪካዎች በቂ አዲስ መኪና መሥራት አቃታቸው፤ የአሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። ያለፈውን ዓመት ድምር ብቻ ይዞ የመጪውን በጀት የሚገምት ሹም በእነዚህ ዓመታት ምን ዓይነት ግምት ሊያቀርብ እንደሚችል ለአድማጭ እንተወዋለን።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሽያጩ የተፈጸመው የት ነው የሚለው ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ ዕቃውን ተሸክሞ ሲወጣ መልሱ ቀላል ነው። ዕቃውን በቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ያዘዘ ሰውስ? ሻጩ ከካሊፎርኒያ ውጭ ሲሆንና ዕቃው ከውጭ ሲላክ፣ የከተሞቹ ድርሻ ገዢው ባለበት አውራጃ የጋራ ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያም በአውራጃው ያሉት ከተሞች በዚያው ሩብ ዓመት በየሱቆቻቸው ባስገቡት ታክስ መጠን ይካፈሉታል። ልብ በሉ፤ የሚካፈሉት በነዋሪ ብዛት አይደለም። መኖሪያ ቤት ብቻ ያለበት ከተማ ሕዝቡ በኢንተርኔት ብዙ ቢገዛም ከቋቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ የመኪና ሻጭ ያለው ጎረቤቱ ግን በሱቅም በቋትም ያተርፋል።

ይህ ቋት ቀድሞ አነስተኛ ነበር፤ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን የሌለው ሻጭ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበርና። በጁን 21 ቀን 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታ ግዛትና ዌይፌር በተባለው ኩባንያ ክርክር ይህን አሮጌ ደንብ ሻረው። ካሊፎርኒያም ከ2019 ጀምሮ የሽያጩ መጠን ከ500,000 ዶላር በላይ የሆነ የሩቅ ሻጭ ሁሉ ታክስ እንዲሰበስብ አዘዘ። ቋቱ ሞላ። ነገር ግን በ2021 ታላቁ የኢንተርኔት ሻጭ አማዞን አሠራሩን በመለወጡ፣ ወደ ቋት ይገባ ከነበረው ታክስ ከፊሉ ዕቃው ወጥቶ ወደሚላክበት መጋዘን ከተማ መዞር ጀመረ። መጋዘን ያላቸው ከተሞች አንድ ተጨማሪ ሱቅ ሳይከፍቱ ገቢያቸው አደገ፤ የሌላቸውም አንድ ሱቅ ሳይዘጉ ጐደለባቸው። የሕዝቡ ግዢ ግን እንዳለ ነበር።

እንዲህ ያለውን ለውጥ ከተማው በጊዜ እንዲያውቅ የየነጋዴውን ሒሳብ ማየት አለበት። ሕጉም ይህን ይፈቅዳል፤ ግን በብርቱ ጥንቃቄ ነው። የአንድ ነጋዴ ሽያጭ ምሥጢር ስለ ሆነ፣ ዝርዝሩን ሊያዩ የሚችሉት ምክር ቤቱ በውሳኔ የሰየማቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሕዝብ የሚወጣው በንግድ ዓይነት የተጠቃለለው ነው፤ በአንድ ተራ የሚገቡት ነጋዴዎች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ የአንዱ ሽያጭ በስሌት እንዳይታወቅ ያ ተራ ሳይጻፍ ይቀራል። ብዙ ከተሞች ከፍተኛ ታክስ የሚያስገቡትን 25 ነጋዴዎች ስም ያትማሉ፤ የሚያትሙት ግን በፊደል ተራ፣ ገንዘቡን ሳይጠቅሱ ነው። አንደኛው ከሃያ አምስተኛው መቶ እጥፍ ቢያስገባም አንባቢ አያውቅም።

የዚህ ደንብ ክብደት በኩፐርቲኖ ታይቷል። ኩፐርቲኖ 60,000 ያህል ሕዝብ ያለባት፣ የአፕል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። ጋዜጦች እንደ ጻፉት፣ ኩባንያው በካሊፎርኒያ ላሉ ገዢዎች በኢንተርኔት የሚሸጠው በኩፐርቲኖ እንደ ተሸጠ ሆኖ ይመዘገብ ነበር፤ ከተማዋም በስምምነት ከሚደርሳት ታክስ ከመቶ 35 ያህሉን ለኩባንያው ትመልስ ነበር። በሳን ዲያጎ የሚኖር ሰው ስልክ ቢገዛ የከተማ ድርሻው ለኩፐርቲኖ ይገባል ማለት ነው። የግዛቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን መርምሮ አመዳደቡ ትክክል አይደለም አለ። በ2023 መጨረሻ የከተማዋ ሹሞች ለሕዝብ በሰጡት መግለጫ፣ ከሽያጭ ታክስ ገቢያቸው ከመቶ 73 ያህሉን፣ በዓመትም 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያጡ ተናገሩ።

በመግለጫው የኩባንያው ስም አልነበረም፤ ሕጉ ስለማይፈቅድ የተጻፈው አንድ ታክስ ከፋይ ተብሎ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በታተመው ሠንጠረዥም ገንዘቡ ከብዙ ድርጅቶች ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ተራ ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ምክር ቤቱ የበጀቱን ረቂቅ እንደገና ከመጀመሪያው አንሥቶ ማየት ጀመረ፤ ያለ ሠራተኛ የቈዩ የሥራ ቦታዎችና የሚቀነሱ አገልግሎቶች በየስብሰባው እየተነሡ፣ ነዋሪውም ከፊት ወንበር ተቀምጦ የሚሰማው ጕዳይ ሆነ።